የአይጦች አራስ ቤት

እኔ አይጥ አልወድም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ላይ «ይቺ ሴት አይጥ አምላኪ ሆና ነው እንዴ?» የሚል ስለማይጠፋ ነው። ሥራዬ የአይጥ ሳጥን ማጠብ ነው። በምርምር ተቋሙ ምድር ቤት፣ መስኮት በሌለው ክፍል፣ ከጠዋት ጀምሮ በእንፋሎት ታጥኜ ሳጥን እቀቅላለሁ፣ እፈገፍጋለሁ፣ እደረድራለሁ። በሰው ኑሮ ስንት የሚታጠብ ነገር ሞልቶ የእኔ ዕጣ የአይጥ ሽንት ሆነ። እንግዲህ ምን ይደረጋል። አሁን የማወራው ግን ስለ አይጥ ሳይሆን ስለ እትዬ አይጤ ነው።

ስሟ ሌላ ነው። «አይጤ» ያልናት እኛ ነን፤ መጀመሪያ ለቀልድ ነበር፣ ኋላ ግን ተለጠፈባት፤ ባሏ እንኳ ሲደውል «አይጤ አለች?» ይላል። የአይጦቹ ክፍል ጠባቂ ናት። የምታበላቸው፣ የምታጠጣቸው፣ ወንዱን ከሴቷ የምታገናኝ፣ ሲወልዱም የምታርሳቸው እሷ ናት። አዎ፣ ታርሳቸዋለች። የወለደች አይጥ ያለችበት ሳጥን ላይ ቀይ ጨርቅ ጣል ታደርጋለች፤ ያን ጨርቅ ያየ ሰው ድምፁን ዝቅ፣ እግሩን ቀስ ማድረግ አለበት። ለጎጆዋ ለስላሳ ወረቀት ቆራርጣ ትሰጣታለች። እኔ ደግሞ ያን ሳጥን ለማጠብ እጄን ብዘረጋ ወዮልኝ።

ምክንያት አላት። አራስ አይጥ ድንጉጥ ናት። ባዕድ ሽታ ከሸተታት፣ ወይም ኮቴና ጫጫታ ከበዛባት፣ የገዛ ልጆቿን ትበላለች። ስለዚህ እትዬ አይጤ ሽቶ የሚባል ነገር አትነካም። ሳሙናዋ ሽታ የለውም፤ የፀጉሯ ቅባት ሽታ የለውም፤ ሰርግ ስትጠራ እንኳ እንደ ታጠበ ብርጭቆ ነው የምትሄደው። ባሏ በያጅ ነው፤ እሱ ደግሞ በተራው ቀኑን ሙሉ የተቃጠለ ብረት ሲሸት ይውላል። ማታ ደጃፍ ላይ ልብሱን አስወልቃ፣ አሳጥባ ነው የምታስገባው። «ሚስቴ እኔን የምታየኝ አይጦቿ ከፈቀዱልኝ ነው» እያለ ይስቃል። መልካም ሰው ነው።

ልጅ የላቸውም። ከተጋቡ ብዙ ዘመን ሆናቸው። ያልጠናችው የሐኪም ደጅ የለም፤ ሁሉም ደሟን ቀድተው፣ ለክተው፣ «ሆርሞንሽ ሙሉ ነው፣ ምንም የለብሽም» ብለው ይሸኟታል። «ምንም የሌለበት ሰው ለምንድነው የማይወልደው?» ትለኝ ነበር። እኔ ምን አውቄ። አማቷ ደግሞ በአካል ከእሷ ጋር ተቀምጠው በዓይን ከግድግዳው ጋር የሚያወሩ ሴት ናቸው፤ «የልጄ ዘር እንዲሁ ሊቀር ነው» ይላሉ ለግድግዳው። ግድግዳው አይመልስም፤ እሷም አትመልስም።

እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። በሰፈሩ ሴት ከወለደች ቀድማ የምትደርሰው እትዬ አይጤ ነበረች። እጇን ታጥባ ትገባና «እንኳን በሰላም ተገላገልሽ» ትላለች። አራሷም «ያንቺንም ያሳየን» ትላታለች። ምርቃት ነው፤ ክፋት የለበትም። ግን ምርቃትም ሲደጋገም ይቆረቁራል። አንድ ቀን ከእንዲህ ካለ ቤት አብረን ስንወጣ፣ «ይህን ቃል ለሌላዋ ስመልስ አንድ ቀን ራሴን ብሰማው» አለችኝ። የምትለው አልገባኝም። በኋላ ነው የገባኝ፦ እንኳን ለሚላት «ያንቺንም ያሳየን» ብላ መመለስ ነበር ምኞቷ። ሁልጊዜ እንኳን ባይ ናት፤ እንኳን የሚላት አጥታ።

ተመራማሪዋ ዶክተር የመጣችው በዚህ መሀል ነው። ወጣት ናት፤ እስክሪብቶዋን ፀጉሯ ውስጥ ሰክታ ቀኑን ሙሉ ስትፈልገው የምትውል። ከእሷ ጋር አንድ ዓይነት አይጦች መጡ፤ ሲያዩዋቸው ጤነኞች፣ ሆዳሞች፣ ለወንድም እምቢ የማይሉ፤ ግን የማይወልዱ። ተፈጥሯቸው ሳይሆን ዶክተሯ ናት እንዲያ ያደረገቻቸው። እትዬ አይጤ ይህን የሰማች ቀን ቆጣ ብላ ነው የጠየቀቻት፤ ምን በድለውሽ ነው መካን ያደረግሻቸው ብላ። እኔ በር ላይ ሳጥን ተሸክሜ ቆሜ ነበር፤ አሁን ትባረራለች ስል ዶክተሯ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

አስረዳቻት። እኔም ሳጥኔን እንደተሸከምኩ ሰማሁ። ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን ደም ውስጥ ገብቶ ማህፀን ይደርሳል፤ ነገር ግን ብቻውን ሠርቶ የሚያመጣው ነገር የለም። በማህፀን ሴሎች ውስጥ የሚጠብቀው ፕሮቲን አለ፤ ተቀባይ ይሉታል። ሆርሞኑ መጥቶ ሲይዘው ነው ያ ተቀባይ ተነሥቶ ወደ ጂኖቹ የሚሄደው፤ ይሄኛውን ጂን ተነሥ ሥራ ይለዋል፣ ያኛውን አንተ ዕረፍ ይለዋል። ማህፀን ለፅንስ የሚለሰልሰው፣ የሚደላደለው፣ መጥቶ ሲለጠፍበትም የማይገፋው በዚያ ትእዛዝ ነው። የእነዚህ አይጦች ተቀባይ የሚሠራበት ጂን ማህፀናቸው ውስጥ ተበላሽቷል። ሆርሞናቸው ግን ሙሉ ነው።

እትዬ አይጤ «ሙሉ ነው» የሚለውን ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ።

«ጥሪው መጥቷል፤ ቤት ውስጥ አቤት የሚል የለም ማለት ነው?» አለች።

«እንዲያ ነው» አለች ዶክተሯ።

«የእኔስ?»

ዶክተሯን የወደድኳት ያኔ ነው፤ አልዋሸቻትም። የእሷ ምን እንደሆነ እንደማታውቅ ነገረቻት። ሌላ ብዙ ምክንያት ሊኖር ይችላል አለቻት። «ግን እትዬ፣ ምንም የለብሽም ያሉሽ ሰዎች የለኩት ሆርሞኑን ነው። ተቀባዩን ማንም አላየልሽም» አለቻት። እትዬ አይጤ ጓንቷን አወለቀችና እንደገና አጠለቀች። ከዚያ ቀን ወዲህ እነዚያን የማይወልዱትን የምታበላቸው እንደ ሰው ነበር፤ በጣቷ ጀርባቸውን እያሻሸች «አይዞሽ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» ስትል ሰምቻታለሁ።

የዶክተሯ ዋና ሥራ ግን ማበላሸቱ አልነበረም፤ መመለሱ ነበር። የተበላሸውን ጂን አስተካክላ የመለሰችላቸው ጥቂት ሴት አይጦች አሉ። ከእነሱ አንዷ ብትወልድ ነገሩ ሁሉ ተረጋገጠ ማለት ነው፤ ችግሩ ያ ተቀባይ እንደነበረ፣ ተቀባዩም ሲመለስ ማህፀን እንደሚታዘዝ። ለሴቶች መድኃኒት የሚፈለገው ከዚያ ወዲያ ነው። ሥራውን የሚቆጣጠረው የተቋሙ ኮሚቴ ግን ትዕግሥቱ አልቆ ነበር። ሰብሳቢው፣ ሽበታም ትልቅ ሰው፣ ቀን ቆርጠው ነገሯት፤ በዚያ ቀን መጥቼ የወለደች ካላየሁ ክፍሉ ለሌላ ሥራ ይለቀቃል። ይለቀቃል ሲባል ለሰሚው ቀላል ነው። አይጦቹ ወዴት ይሄዳሉ? የትም። ጋዝ የሚገባበት ሳጥን ውስጥ ይገባሉ፤ ያን የምታደርገው ደግሞ ጠባቂዋ ናት። እትዬ አይጤ በእጇ ያሳደገቻቸውን በእጇ ልትጨርስ ነው። ይህን ስትሰማ አንዲት ቃል ብቻ ነው የወጣት፦ «አንዷ ትውለድልኝ።»

አልወለዱም። ወንድ ይገባላቸዋል፣ ወንዱ እንደተገናኛቸው ምልክቱ ይታያል፣ እትዬ አይጤ ትደሰታለች፣ ሆድ ግን የለም። ደግመው ያገናኛሉ፤ የለም። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ሌላ እንቆቅልሽ ደግሞ ተጨመረ፤ ለማነጻጸሪያ እንቁላል ማምረቻቸው በቀዶ ጥገና የወጣላቸው አይጦች ነበሩ፤ የእነዚያ ማህፀን ኤስትሮጅን የሚባለውን ሆርሞን ስለማያገኝ እንደ ክር ቀጥኖ መገኘት ነበረበት። ወፍሮ ተገኘ። ዶክተሯ ዘሩ ተቀላቅሎብኝ ይሆናል ብላ እንደገና መረመረች፤ አልተቀላቀለም። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ነውና መብራቱን ቀየረች፣ ወንዶቹን ቀየረች፣ ውሃውን አስመረመረች። መጨረሻ ላይ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ግድግዳ ተደግፋ ቀረች። እስክሪብቶዋ ፀጉሯ ውስጥ ነበር፤ አልፈለገችውም።

እትዬ አይጤ አጠገቧ ተቀመጠች። ልታጽናናት ብላ ወሬ ጀመረች፤ እንዲያው ስለ አይጦቹ አመል፣ ስለ ሰጋቱራው ማነስ። ከዚያም ስለ መኖው ማማረር ጀመረች። ግዢ ክፍል የቀየረው መኖ ያወፍራቸዋል፣ ይወዱታል፣ ግን ከረጢቱን በከፈትኩ ቁጥር የጥሬ አኩሪ አተር ሽታ ይገፋኛል አለች።

ዶክተሯ ቀና አለች። «መኖው ተቀይሯል?»

«ከክረምት በፊት ጀምሮ። የድሮው አቅራቢ ተወ አሉ። አልነገሩሽም?»

ማን ይነግራታል። የመጀመሪያ ቀን አኩሪ አተር የሌለበት መኖ ብላ አዝዛ፣ ያው ይሆናል ብላ ተቀምጣለች። እትዬ አይጤ ደግሞ መኖው ሲቀየር በዓይኗ አይታለች፣ ግን አኩሪ አተር ከማህፀን ጋር ምን አገናኘው። የመልሱ ግማሽ አንዷ ዘንድ፣ ግማሹ ሌላዋ ዘንድ ተቀምጦ ሁለቱም ሲብሰለሰሉ ከረሙ። ዶክተሯ እየሳቀች እንባዋን ጠረገችና ነገረችን፤ አኩሪ አተር ውስጥ ኤስትሮጅንን የሚመስል ነገር አለ። ኤስትሮጅንም የራሱ ተቀባይ ፕሮቲን አለው፤ ያ መሳዩ እዚያ ተቀባይ ላይ ሄዶ ጉብ ይላል፣ ጂኖቹንም ያለ ጊዜያቸው ይቀሰቅሳል። በእንግድነት ገብቶ አባወራ ነኝ እንደሚል ሰው ማለት ነው። ያን የወፈረ ማህፀን ያመጣው እሱ ነው። ጤነኞቹ አይጦች ነገሩን ችለውት ይወልዳሉ፤ የእኛዎቹ ግን ተቀባያቸው ገና በቅጡ ያልጸና ስለሆነ ያቺ ትንሽ ግርግር በቅታ ሳይሆን አይቀርም ከሚዛን የጣለቻቸው።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ሲባል ነው የማውቀው። እዚህ ግን ግዢ ክፍል ባጠፋው አይጥ ልትመታ! ደሜ ፈላ። ጎማ ቦቲዬን እንደተጫማሁ፣ ውሃ እያንጠባጠብኩ፣ ፎቅ ወጥቼ የግዢ ኃላፊው ጠረጴዛ ፊት ቆምኩ። ያልኩትን ሁሉ እዚህ አልደግመውም፤ ሰው ልጅ አለው፣ ያነበዋል። ብቻ ሰውየው ምንጣፉን እያየ «ዛሬውኑ እናፈላልጋለን» አለ። ዶክተሯ ከኋላዬ ደርሳ በትሕትና ስታስረዳ እኔ ገና እየተነፈስኩ ነበር። መኖው ተገኘ። ለምነው፣ ከሌላ ተቋም ተበድረው፣ አመጡት።

ከዚያ መጠበቅ ነው። የድሮው ከሰውነታቸው እስኪወጣ ተጠበቀ፣ ወንድ ገባ፣ ምልክት ታየ። አንዷ፣ ጆሮዋ ጫፉ ላይ ተቆርጦ ምልክት የተደረገባት፣ ሆዷ ገፋ። ዶክተሯ ልትፈነድቅ ደረሰች። እትዬ አይጤ ግን ካልታዘልኩ አላምንም እንዳለችው ሙሽራ ሆነች፤ «ይውጣና እንየው» ትላለች፣ ግን የጎጆ ወረቀቱን ከሌላው ጊዜ አድቅቃ ትቆርጠው ነበር። ቤቷም ስትገባ ወሬዋ ይሄው ብቻ ሆነ። አንድ ቀን አማቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ግድግዳውን ትተው ወደ እሷ ዞረው፣ ታዲያ ለዚህ ተቀባይ ለምትሉት መድኃኒት የለውም ወይ ብለው ጠየቋት አሉ። «እየሠራን ነው» አለቻቸው። እየሠራን! ይህን ባሏ ነው የነገረኝ፤ ደረቱን ነፍቶ፣ ራሱ ላቦራቶሪ የሚሠራ ይመስል።

የኮሚቴው ቀን ደረሰ። ጠዋት ሳጥን እየፈገፈግኩ ሳለ እትዬ አይጤ ያለ ኮቴ መጥታ ክንዴን ያዘችኝ። ጎትታ ወሰደችኝ። ከሳጥኑ ጎን አጎንብሼ ውስጡን በሚያሳየው ላስቲክ አየሁ፤ ከወረቀቱ ክምር መሀል ቀያይ፣ የጥፍር ያህል፣ የሚርመሰመሱ። እናቲቱ ላያቸው ላይ ተጋድማ ታጠባቸዋለች። አይጥ አልወድም ብያለሁ። ያን ጊዜ ግን አንድ፣ ሁለት እያልኩ ልቆጥራቸው ጀመርኩ። እትዬ አይጤ ቀዩን ጨርቅ በሁለት እጇ አልብሳ፣ አስተካክላ፣ ወደ ኋላ ተመለሰች። ዶክተሯም መጥታ አየች፣ ኮሪደር ላይ ወጥታ አፏን በጋዎኗ አፍና አለቀሰች።

ወዲያው ከደረጃው ሽቶ መጣ። ሰውየው ገና ሳይታዩ ሽቷቸው ደረሰ፤ ከዚያ የጫማቸው ድምፅ፣ ከዚያ ሰብሳቢው ራሳቸው፣ ከኋላቸውም ኮሚቴው ከነወሬው። ዶክተሯ ልታስረዳ አፏን ስትከፍት እትዬ አይጤ ቀድማ በሩ ላይ ቆመች። ሁለት እጇን ግራና ቀኝ መቃኑ ላይ አሳረፈች። አይጥ ለሞቷ የድመት አፍንጫ ታሸታለች አልኩ በሆዴ።

«አራስ ናት» አለች ቀስ ብላ።

ሰብሳቢው አራሷ ማን እንደሆነች ጠየቁ። ውስጥ ያለችው፣ ዛሬ ጠዋት የተገላገለችው አለቻቸው፤ ሽቶ ከሸተታት፣ ኮቴ ከሰማች ልጆቿን እንደምትበላ ነገረቻቸው። ሰውየው ሰዓታቸውን አዩ። እንዲህ ዓይነት ነገር በበር ላይ ሰምተው የሚያውቁ አይመስሉም።

«እመቤት፣ ይህ ክፍል ይዘጋ አይዘጋ የምወስነው እኔ ነኝ» አሉ።

«ይወስኑ፣ ጌታዬ። ግን ታጥበው ይወስኑ።»

ከኮሚቴው አንዱ ሊስቅ ጀምሮ ተወው። ሰብሳቢው ወደ ዶክተሯ ዞሩ፤ ዶክተሯ እንባዋ ሳይደርቅ «እሷ እንዳለችው ነው» አለች። ሰውየው ኮታቸውን አውልቀው፣ በሕይወት ይኑሩልኝ፣ ለእኔ ሰጡኝ! ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው፣ አንገታቸውንም ጭምር በእትዬ አይጤ ሽታ በሌለው ሳሙና ታጠቡ። ጫማቸውን አውልቀው፣ ንጹህ ጋዎን ለብሰው፣ በካልሲ፣ ቀስ ብለው ገቡ። ሌሎቹ በር ላይ ቀሩ። እኔም ኮታቸውን ከሽቶው ጋር ይዤ ወደ ማጠቢያዬ ሮጥኩና መለስ ብዬ መጣሁ፤ ይህን የማላይ ሞኝ አይደለሁም።

እትዬ አይጤ ጨርቁን በአንድ ጫፉ ገለጥ አደረገችላቸው። አጎነበሱ። እዚያ እንዳጎነበሱ ብዙ ቆዩ። ከወረቀቱ ውስጥ እንደ ክር የቀጠነ ሲጥ ሲጥ የሚል ድምፅ ተሰማ።

«ይቺ ያቺ የማትወልደዋ ናት?» አሉ በሹክሹክታ።

«የማትወልድ ነበረች» አለች እትዬ አይጤ።

ሰውየው ቀና ሲሉ ፊታቸው ሌላ ነበር። ሲወጡ ጫማቸውን እያሰሩ፣ ክፍሉ አይለቀቅም፣ ሥራው ይቀጥላል፣ ሁለተኛ ክፍልም ይፈለግላቸው አሉ፤ ወደ አንዱ ዞር ብለው ይህን አሁኑኑ መዝግብ አሉት። ደረጃውን ሲወጡ በእግራቸው ጣት ነበር የሚረግጡት፤ ኮሚቴውም እንዳለ ተከተላቸው፣ ያ ሁሉ ትልልቅ ሰው እንደ ሌባ ኮቴውን ደብቆ። ኮታቸውን ረስተውት ሄደዋል። በማግስቱ ሰው ልከው አስወሰዱት።

ሦስታችን ኮሪደር ላይ ቀረን። ጋዝ ሳጥኑ ጥግ ላይ ባዶውን ተቀምጧል፤ ማንም አላየውም። እልል እንዳልል አራስ አለች። እትዬ አይጤ መቃኑን ተደግፋ እጆቿን ታያለች። ዶክተሯ ወደ እሷ ቀረበች፣ ጋዎኗን አስተካከለች፣ ልክ ሰው ቤት እንደሚገባ ሰው ሆና።

«እትዬ» አለቻት፣ «እንኳን በሰላም ተገላገልሽ።»

አቤት! ይቺ ቃል በስንት ቤት ከእሷ አፍ ወጥታ፣ ዛሬ ወደ እሷ ዞረች። እኔ አሁን ታለቅሳለች ብዬ መሀረቤን እየፈለግኩ ነበር። እትዬ አይጤ ግን አላለቀሰችም። ቀስ ብሎ ሳቅ መጣባት፤ ከሆዷ፣ ድምፁን አፍና፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ። ባል የሚባል ነገር ገና ያላሰበችውን፣ እስክሪብቶዋን እንኳ ፈልጋ የማታገኘውን ያቺን ልጅ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት።

«ያንቺንም ያሳየን» አለቻት።

ከዚያ ጓንቷን አጥልቃ፣ የአራሷን ውሃ ልትቀይር ገባች።